ተግባራዊ ምርምር ለወደፊት ርዕሰ መምህራን፦ ከጅማ የቡና ለቀማ ወራት ጋር የተያያዘ ማሳያ

ለአመራርነት የሚዘጋጅ መምህር ተግባራዊ ምርምር ሥራ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይታወቃል፤ መጠይቅ ያባዛል፣ አርባ ሰው ያስሞላል፣ በመቶኛ ያሰላል፣ መጨረሻ ላይ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብሎ ይዘጋል። ይህ ዳሰሳ ነው። በተግባራዊ ምርምር የሚመለከተው አካል አጥኚው ራሱ ነው። አንድ አሠራር ይለውጣል፣ የሆነውን ይመዘግባል፣ ባየው መሠረት ደግሞ ያስተካክላል። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካስተዋወቀው ጀምሮ መሠረቱ ይኸው ነው፦ ማቀድ፣ መተግበር፣ መከታተል፣ ቆም ብሎ መመርመር፣ ከዚያ እንደገና ማቀድ።

እዚህ የቀረበው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚያስተምሩ፣ በትምህርት ቤት አመራር ለሚሠለጥኑ፣ ወይም ምክትል፣ ዩኒት መሪና የትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆነው ለሚሠሩ ነው። ማሳያው አንድ ብቻ ነው፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በቡና ለቀማ ወራት ከትምህርት መቅረት። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የገቡ ናቸው፤ የየትኛውም ትምህርት ቤት መረጃ አይደሉም።

ርዕስ ሲመርጡ

ርዕሱን በሦስት ጥያቄ ያጣሩት። በእኔ ሥልጣን ልለውጠው የምችለው ነገር ውስጡ አለ ወይ? ለውጡ በአንድ ሴሚስተር ይታያል ወይ? መነሻው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል ወይ? «የመምህራን ደመወዝና ተነሳሽነት» በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ደግሞ በሦስቱም ይወድቃል፤ ሆኖም በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጥፋቱን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያስቀምጣል።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «የተማሪዎች መቅረት መንስኤና መፍትሔ» ብሎ የጀመረ ሰው አምስት ምዕራፍ ይጽፋል እንጂ ምንም አይለውጥም። እንዲህ ቢሆን ግን ይሠራል፦ «አንድ ተማሪ ሁለት ቀን በተከታታይ ሲቀር የክፍል ኃላፊው በማግስቱ ለወላጅ ቢደውል፣ በኅዳር ወር የ7ኛ ለ መቅረት ምን ያህል ይቀንሳል? ስልኩ ምንም ያልለወጠላቸው ልጆችስ እነማን ናቸው?» ማን ምን እንደሚያደርግ፣ መቼ እንደሚያደርግና ምን እንደሚለካ እዚያው ጥያቄው ውስጥ አለ።

ገና ርዕሰ መምህር ካልሆኑ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ጥናቱ የአሁኑን ርዕሰ መምህር ሥራ የሚገመግም ከመሰለ በሁለተኛው ሳምንት መዝገብ ቤቱ ቁልፍ ይጠፋበታል። የዕቅዱን አንድ ገጽ ይዘው አስቀድመው ያነጋግሯቸው፤ ምን እንደሚለወጥ፣ ማን ተጨማሪ ሥራ እንደሚኖርበትና ውጤቱን መጀመሪያ ማን እንደሚያየው ተስማሙ። የወረዳው ወይም የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤም በእጅዎ ይኑር፤ የሠልጣኝነት ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ካለዎት አብረው ያያይዙት።

መነሻው ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የአቴንዳንስ መዝገቡን እንዳለ አይመኑት። የክፍል ኃላፊው ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስም ይጠራል፤ ከዕረፍት በኋላ አጥር ዘሎ ወደ ማሳ የሄደው ልጅ መዝገቡ ላይ «አለ» ነው። አንዳንዱ መዝገብ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት የሳምንቱ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ገጽ ሲያዩ ይጠርጥሩ። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ከዕረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ራስ ይቁጠሩ፣ ከጠዋቱ መዝገብ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ከአንድና ከሁለት ልጅ ካለፈ መለኪያዎ ጠዋት የተጠራው ስም ሳይሆን ከዕረፍት በኋላ የተቆጠረው ራስ ይሁን። ነገር ግን ካለፈው ዓመት ጋር የሚያወዳድሩት በጠዋቱ መዝገብ ብቻ ነው፤ አምና ከዕረፍት በኋላ የቆጠረ የለም። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ አይቀላቅሉ።

ትልቁ ወጥመድ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በጅማ ዙሪያ ቀይ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ኅዳር ላይ መነሻ ወስዶ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መደወል ጀምሮ፣ ጥር ላይ የለካ ሰው መቅረት በግማሽ ወርዶ ያገኘዋል። ስልክ ባይደወልም ይወርድ ነበር፤ ለቀማው አልቋላ። ትክክለኛው ንጽጽር ኅዳርን ከአምናው ኅዳር ጋር ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ከሰጠ በሚቀጥለው ዓመት መቀነስ ልማዱ ነው፤ ዘንድሮ ምርቱ ሳሳ ካለ ልጆቹ ያለ ማንም ጥረት ክፍል ይገኛሉ። ስለዚህ ያልተደወለለት ሌላ ሴክሽን ጎን ለጎን ይያዙ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የአምናው 7ኛ ለ 58 ተማሪ በ20 የትምህርት ቀን 1,160 የተማሪ ቀን ይሆናል። አምና በኅዳር ከዚህ ውስጥ 174ቱ ቀሪ ከነበረ መቅረቱ 15 በመቶ ነው፤ 7ኛ ሀም አምና እንዲሁ 15 ነበር እንበል። ዘንድሮ የተደወለለት 7ኛ ለ 56 ተማሪ አለው፤ 1,120 የተማሪ ቀን፣ 90 ቀሪ፣ 8 በመቶ ገደማ። «በ7 ነጥብ ቀነሰ» ብሎ ማጨብጨብ ይቀላል። ያልተደወለለት 7ኛ ሀ ግን 55 ተማሪ፣ 1,100 የተማሪ ቀን፣ 121 ቀሪ፣ 11 በመቶ ሆኗል። ያለ ስልኩም 4 ነጥብ ወርዷል ማለት ነው። ለስልኩ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 3 ነጥብ ነው፤ ያም ቢሆን ሁለቱ የክፍል ኃላፊዎች በትጋት እኩል ከሆኑ። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ይህ 3 ነው። ሪፖርቱን ለሚገመግመው ፈታኝ የሚያንስ ቢመስልም የሚያሳምነው እሱ ነው።

መቅረቱን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለውም ይቁጠሩት። የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው፣ የየወረዳው ገበያም የራሱ ቀን አለው። ቀሪው በገበያ ቀን የሚከመር ከሆነ ጉዳዩ ለቀማ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቤት የሚጠብቅ፣ ከብት የሚያግድ፣ እናቱን ዕቃ የሚያግዝ ልጅ አለ። ይህን ሳያዩ ስለ ቡና የተጻፈ መፍትሔ ዒላማውን ይስታል።

ማንን፣ በምን ቋንቋ፣ እንዴት መጠየቅ

ከ6 እስከ 8 ተማሪ ይበቃል፤ ብዙ የቀሩም አልፎ አልፎ የቀሩም ይኑሩበት። ሁለት ሁለት አድርገው ለ20 ደቂቃ ያነጋግሯቸው። «ለምን ትቀራለህ?» የሚለው ጥያቄ ክስ ነው፤ መልሱም «አሞኝ ነው» ይሆናል። ይልቅ «ባለፈው ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ቀኑን ሲተርክ ማን ላከው፣ ለማን ለቀመ፣ ገንዘቡ ለማን ገባ የሚለው በራሱ ጊዜ ይወጣል። የራሳቸውን ማሳ የሚለቅሙና ለሌላ ሰው በኪሎ እየተከፈላቸው የሚለቅሙ ልጆች በአቴንዳንሱ ላይ አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

የወላጆች ጥያቄ ከመጀመሪያው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ በቦታው ላይ እየተረጎሙ መጠየቅ ጥያቄውን በየቤቱ ይለዋውጠዋል። የአማርኛ ቅጂም በከተማው ውስጥ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ባልደረባ ያስተያያቸው። ወላጆችን በገበያ ቀን ወይም ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ጠርቶ «ወላጅ አይተባበርም» ብሎ መጻፍ የአጥኚው ጥፋት ነው። ከዕድሜያቸው የተነሳ ለተማሪዎቹ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልጁም ራሱ እሺ ማለት አለበት። ስም አይጻፍ፣ ተ1፣ ተ2 እየተባለ ይያዝ።

መምህራን ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይወሳሰባል። የሥራ አፈጻጸም የሚሞላላቸው ሰው መጠይቅ ሲሰጣቸው ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ስም አትጻፉ ማለት አይበቃም፤ ሦስት የ7ኛ ክፍል ኃላፊዎች ባሉበት ግቢ «መ2» ማን እንደሆነ ሻይ ቤት ያለው ሁሉ ያውቃል። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው፣ ቃለ መጠይቁን ከጉድኝት ማዕከሉ (አብረው ከሚሠሩት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች) ሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ባልደረባ ያድርገው፤ እርስዎም በተራዎ ለእሱ ይሥሩለት። ሁለተኛው፣ የመምህራንን አስተያየት ትተው የሠሩትን ብቻ ይያዙ፦ ስንት ደወሉ፣ መቼ፣ ማን አነሳ። አስተማማኙ ሁለተኛው ነው።

ድርጊቱ

አንድ ለውጥ ይምረጡ፤ ቢበዛ ሁለት። ስልክ፣ የቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት፣ የወላጅ ስብሰባ፣ ሽልማትና ቅጣት በአንድ ወር ከተደረጉ መቅረት ቢቀንስም የትኛው እንደሠራ ማንም አያውቅም፤ በሚቀጥለው ዓመትም አምስቱንም መድገም ግዴታ ይሆናል።

የስልኩን ድርጊት እስከ ታች ድረስ ያቅዱ። የስልክ ቁጥሮች መስከረም ላይ በምዝገባ ጊዜ ይሰብሰቡ፤ ከአንድ ቤት ሁለት ቁጥር፣ አንዱ የጎረቤት ወይም የዘመድ ቢሆን ይሻላል። የካርዱ ገንዘብ ከየት ይወጣል? ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ከሆነ ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር አስቀድመው ይጨርሱት፤ ከመምህሩ ኪስ ከሆነ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ጥሪው ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ አይቆጣ። «ልጅዎ ሰኞና ማክሰኞ አልመጣም፤ ደኅና ነው ወይ? ሒሳብ አዲስ ምዕራፍ ጀምረናል፤ ነገ ቢመጣ ያልተማረውን አሳየዋለሁ» ይበቃል። ዛቻ ያለበት ጥሪ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ ቁጥሩ አይነሳም።

ከዚህ ሁሉ የሚዘነጋው የድርጊቱ መዝገብ ነው። አንድ ደብተር በአምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ የተማሪ ኮድ፣ ተደወለ ወይስ አልተደወለም፣ ማን አነሳ፣ ልጁ በማግስቱ መጣ ወይ። በኅዳር መደወል የነበረበት 40 ጊዜ ሆኖ የተደወለው 22 ከሆነ፣ ያጠኑት የስልክን ውጤት ሳይሆን የግማሽ ስልክን ነው። 18ቱ ለምን አልተደወሉም የሚለው ለአመራር ከውጤቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ምናልባት የክፍል ኃላፊው በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ይዟል።

ከዚህ ጎን ለጎን የራስዎ ማስታወሻ ይኑርዎት፤ በቀን አሥር ደቂቃ፣ በዚያው ዕለት። ቅዳሜ ተቀምጦ የሳምንቱን መጻፍ ትዝታን ማሳመር ነው። «ዛሬ ሁሉም መልካም ነበር» የሚል መስመር ዋጋ የለውም፤ «መ1 ሳይደውል ደወልኩ ብሎ ምልክት አድርጓል፣ ዝም አልኩ» የሚለው ግን መረጃ ነው። ደብተሩን በሁለት ሳምንት አንዴ ሂስ ለሚሰጥ አንድ ባልደረባ ያንብቡለት፤ ወዳጅ የሆነ ግን የማይሸነግል፣ ከእርስዎ በታች የማይሠራ ይሁን።

ትንተናና ሪፖርት

ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሁለት ሴክሽንን በመቶኛ ለማወዳደር ኤክሴል ወይም ካልኩሌተር ይበቃል። የቃለ መጠይቁን መልስ ሁለት ጊዜ ያንብቡ፣ የሚደጋገመውን በጠርዙ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ከቁጥሩ ጋር የሚጋጨውንም አይጣሉት። ሰባት ልጆች ስልክ እየተደወለም መቅረታቸውን ከቀጠሉ ስማቸውን በኮድ ለይተው አንድ በአንድ ይዩዋቸው። ለምሳሌ በኪሎ ለቅመው ደብተርና ጫማ የሚገዙት ልጆች እነሱ ከሆኑ፣ ወላጅ ቢነገረውም አያስቀራቸውም።

ሪፖርቱ ከ15 እስከ 20 ገጽ ይበቃዋል፤ ግማሹ ድርጊቱና የታየው ይሁን። በየጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ በፍላሽ የሚዞረውን ያለቀ ጥናት ስም ቀይሮ ማቅረብ ፈታኙ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቅ ይታወቃል፦ «7ኛ ሀን ለምን መረጥክ?» ያልሠራ ሰው ለዚህ መልስ የለውም። ድርጊቱ ሳይሠራ ቢቀርም ያቅርቡት፤ ለምን እንዳልሠራ በመዝገብ ካስረዱ ሙሉ ጥናት ነው።

ውጤቱን ከፈታኙ በፊት ለክፍል ኃላፊዎቹ ያሳዩ፣ በግማሽ ገጽ፣ በአንድ ሰንጠረዥ። ለንጽጽር ሳይደወልለት የቆየው 7ኛ ሀም ኅዳር እንዳለቀ ይደወልለት፤ ለመለካት ሲባል ዓመቱን ሙሉ መተው አይገባም። ሁለተኛው ዑደት ስልክ ባልሠራላቸው ልጆች ይጀምር፣ በሌላ ድርጊት፦ ያመለጣቸውን ትምህርት በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ማካካስ ወይም ከአሠሪዎቹ ጋር ለቀማው ቅዳሜና እሑድ እንዲሆን በቀበሌው በኩል መነጋገር። የኅዳሩን ቆጠራ፣ ጠዋት የተጠራውንና ከዕረፍት በኋላ የተቆጠረውን ለየብቻ አድርገው በመዝገብ ቤት ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ሥራ ለሚረከበው ሰው መነሻው እሱ ነው።