ለፈጣን ሶሎ ውድ ጊታር ልትገዙ ከሆነ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ በሰርግና በምሽት ቤት ሊድ (ዜማውንና ሶሎውን የሚመራውን ጊታር) የምትጫወቱ፣ ብር አጠራቅማችሁ ደህና ኤሌክትሪክ ጊታር ልትገዙ ካሰባችሁ ከስሙና ከቀለሙ በፊት አንገቱን ጨብጡት። ለፍጥነት የሚመቸው ቀጠን ያለ አንገት፣ ጃምቦ ፍሬት (በሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከሉ ትልልቅ ብረቶች) እና ጠፍጠፍ ያለ የጣት ሰሌዳ ነው፤ ራዲየሱ (የሰሌዳው ጉብጠት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ሰሌዳው ይበልጥ ይጠፈጠፋል) 16 ኢንች አካባቢ ቢሆን ጥሩ። የድሮዎቹ የፌንደር ኩባንያ ጊታሮች 7.25 ኢንች ስለሆኑ ከላይኛው ፍሬት ላይ ክሩን ስትስቡ ድምፁ ሊታፈን ይችላል።

መጀመሪያ አምፕሊፋየር ላይ ሳትሰኩ እያንዳንዱን ፍሬት ሞክሩ። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት) ስንቱን ጉድ ይሸፍናል!

ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ግን ቆም በሉ። ተንሳፋፊ ፍሎይድ ሮዝ (በስፕሪንግ ሚዛን የሚቆም፣ በእጀታ የሚንቀሳቀስ ብሪጅ) ለሶሎ ያምራል፤ ነገር ግን እስክስታው ጦፎ ሳለ አንድ ክር ከተበጠሰ የቀሩትም ከቅኝት ይወጣሉ። ዘፋኙ «ግማሽ ድምፅ ዝቅ አርጉልኝ» ካለማ ጉድ ፈላ፤ ክሮቹን ሁሉ ደጋግሞ ማስተካከል ነው። ለሰርግ ሥራ እኔ ቋሚ ብሪጅ ነው የምመርጠው።

በአንገቱ ውስጥ ያለውን፣ አንገቱ ሲጎብጥ የሚያቃናውን ብረት ማስተካከያ ቁልፍም ሳትቀበሉ እንዳትወጡ። ክረምት ሲገባ የጣና እርጥበት እንጨቱን ያንቀሳቅሰዋል።