የፕሮስቴት ካንሰርን አስበን የቤታችንን ወጥ እንዴት እናስተካክል?

አጎቴ የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለ የወንዶች እጢ) ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው ሐኪሙ አባቴንም አስጠራቸው። አባት ወይም ወንድም ከታመመ የሌላው ወንድ ስጋት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ምግብ የኔ ኃላፊነት ሆነ።

መጀመሪያ ክኒኑን ተዉት። «ለፕሮስቴት ጥሩ ነው» ሲሉኝ ቫይታሚን ኢ ገዝቼ ለአባቴ አምስት ወር ሰጠኋቸው። በኋላ ሳነብ ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ ቫይታሚን ኢንና ሴሌኒየም የተባለውን ማዕድን የፈተነ፣ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። በ2008 ክኒኑ እንዲቆም ተደረገ። በ2011 በወጣው ውጤት፣ ቫይታሚን ኢ ብቻ የወሰዱት ላይ ካንሰሩ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሐኪም ካላዘዘ አትግዙ።

ቀጥሎ ዘይቱን ቀንሱ። ዘይት ሲበዛ ያወፍራል፤ ጠንካራ ማስረጃ ያለውም የሰውነት ውፍረት ላይ ነው፤ የከፋውን የፕሮስቴት ካንሰር ዓይነት የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። እኛ ቤት ደግሞ በተለይ በጾም ሽሮውም ምስሩም ላይ ዘይት ይንሳፈፍ ነበር።

አስቸጋሪው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ለዶሮ ወጥ እንደምናደርገው በደረቁ ጣዱት። እሳቱን ቀንሱና ከድስቱ አትራቁ። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አማስሉ፤ እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ። ቸኩላችሁ ውሃውን ካፈሰሳችሁበት ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። እኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ አበላሽቻለሁ። አባቴ «ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው» ብለው ከገበታው ተነሡ። ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን ታገሱ። ከዚያ በርበሬውን ጨምራችሁ በትንሽ በትንሽ ውሃ አብስሉት።

ዘይቱን መጨረሻ ላይ በሾርባ ማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጠርሙሱ በግምት ሲንቆረቆር አራት አምስት ማንኪያ ሳይታወቅ ይገባል። ውድ የማያስይዝ ድስት አያስፈልግም፤ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ይበቃል።

ቲማቲም ጨምሩበት። ቀይ ያደረገው ላይኮፒን ሲበስልና ጥቂት ዘይት ሲያገኝ ለሰውነት ይቀላል። ካንሰሩን ይከላከላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ወተት ላይም ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ የአባቴን ማኪያቶ አልነካሁም። ጎመን ይብዛ፣ ቅቤና ሥጋ ለበዓል ይቆይ፣ ከምሳ በኋላ የእግር መንገድ ይኑር።

ምርመራውን ግን በምግብ አትተኩ። በሽታው ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ አጎቴም ምንም አላመማቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት፣ ቀደም ብሎ የተገኘ ካንሰር ያለባቸው 478 ወንዶች ተሳትፈው ነበር። አትክልት በብዛት እንዲበሉ የተመከሩት ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ የበሽታው ፍጥነት አልቀነሰም። ዕድሜው 50 የደረሰ ስለ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚወጣን ፕሮቲን መጠን የሚለካ) የደም ምርመራ ሐኪም ያማክር፤ በቤተሰቡ በሽታው ያለበት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። ለፒኤስኤ መጾም አያስፈልግም፣ ቁርስ በልቶ መሄድ ይቻላል። ሽንት የሚያቃጥል ከሆነ ደም ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ኢንፌክሽንም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።