ጽጌረዳችሁን ዝናቡ ሳያባራ አትከርክሙ

አዲስ አበባ ውስጥ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ውርጩ ጠንካራ ስላልሆነ ተክሉ እንቅልፍ አይወስደውም። መቼ እንደሚያርፍ የምንወስንለት እኛ ነን።

ብዙ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲከረክም አያለሁ። እባካችሁ ተዉት! እርጥብ ቁስል ፈንገስ ይጋብዛል። ቅጠሉ ላይ የምታዩት ጥቁር ነጠብጣብም የሚዛመተው በዝናብ ፍንጥቅጣቂ ነው። እኔ መስቀል ካለፈ በኋላ ደረቅ ጠዋት እመርጣለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ዳግም እስኪያብብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ለገና ግቢያችሁ እንዲያምር ከፈለጋችሁ ኅዳር መግቢያ ላይ ቁረጡ።

መቀሱ የተሳለ ይሁን፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት። መጀመሪያ የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ከሥሩ አንሱ። ከዚያ የቀረውን ሲሶ ያህል አሳጥሩት። ወደ ውጭ ከዞረ ቡቃያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ይቺን ነገር አትናቋት። ቡቃያው ወደ ውስጥ ከዞረ አዲሱ ቅርንጫፍ መሐል ገብቶ ይጨናነቃል፤ አየር ያጣል፤ በሽታው ይመለሳል።

የጠወለገ አበባ ግን ወቅት አይጠብቅም። ቶሎ ካልቆረጣችሁት ተክሉ ጉልበቱን ፍሬ ለመያዝ ያውለዋል።

ቡገንቪሊያም ካላችሁ አበባው ሲረግፍ ከርክሙት። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው።

ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ሥሩ ላይ አትተዉት፤ ለቅማችሁ ከግቢ አውጡት።