ዘመን ሲለወጥ ልጅ ማሳደግ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብ ልብ ብለው ካጤኑት የሚወርደው በልጁ ላይ ሳይሆን ባሳደጉት ሰዎች ላይ ነው። ደግሞም «ወላጅ የበደለው» አይልም። ወላጅ ሁለት ነው፤ አሳዳጊ ግን አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የኔታ፣ የነፍስ አባት፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ የሚሞቀው ሽማግሌ ሁሉ ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን እነዚህ አሳዳጊዎች አንድ በአንድ ከልጁ ዙሪያ እየራቁ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ በሞት፣ አንዳንዶቹ በስደት፣ አብዛኞቹ ደግሞ በቤት ለውጥና በኑሮ ሩጫ። ብዙ ዓመት በመምህርነት ሳገለግልና የራሴን ልጆች ሳሳድግ ያየኋቸው ስህተቶች በአመዛኙ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ልጅ የሚያሳድጉት እጆች መቀነሳቸውን ሳናስተውል፣ ዛሬም እንዳሉ ቆጥረን እንኖራለን።

«እኛም ያደግነው በዱላ ነው» ማለት

ልጁ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ወይም መልስ ሲመልስ «እኔን አባቴ በአለንጋ ነው ያሳደገኝ፤ ይኸው ሰው ሆንኩ» የሚል አባት በየቤቱ አለ። መገረፉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ያደረገው አለንጋው መሆኑን የሚመሰክርለት የራሱ ትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ያመመውን አጉልቶ ይይዛል፣ ያላመመውን ይረሳል። ያ አባት በልጅነቱ ጠዋት ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ሄዶ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ዳዊት ወደ መድገም ሲሸጋገር ያስቀጽለው የነበረው ከእርሱ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሌላ ልጅ ነበር። ወደ ሱቅ ሲላክ መንገድ ላይ የሚያገኘው የማያውቀው ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር፤ ይህች አጭር ጥያቄ ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ፣ ስሙን የሚሸከምለት ቤተሰብ እንዳለው በየቀኑ ታስታውሰዋለች። ማታ ደግሞ አያቱ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብሎ መልሶ፣ ብልጥና ሞኝ፣ ቃሉን ያፈረሰና የጠበቀ ምን እንደደረሰባቸው እየሰማ ይተኛ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የረሳነው አማላጁን ነው። በቀድሞው ሰፈር ዱላ ሲነሣ ልጁ ወደ ጎረቤት ይሮጣል፤ ጎረቤቲቱ በነጠላዋ ሸፍና «በእኔ ይሁንብህ፣ ዛሬን ተውልኝ» ትላለች፤ ቁጣው ከበረደ በኋላ ልጁን ይዛ ትመለስና ይቅርታ ታስጠይቀዋለች። ቅጣቱ ወሰን የነበረው፣ ልጁም ከቅጣት በኋላ ከአባቱ ጋር የሚታረቅበት መንገድ የነበረው በእርሷ ምክንያት ነው። ዛሬ የኮንዶሚኒየሙ የብረት በር ከተዘጋ በኋላ በዱላውና በልጁ መካከል የሚገባ ማንም የለም። ዱላው ቀረልን፤ አማላጁ ሄደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት በአካል ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ መምህሩ አርጩሜውን እንዲጥል ሕግ ካስገደደው፣ ያለ አማላጅ የሚገርፍ ወላጅ ደግሞ ራሱን የሚገታበት ምክንያት ከመምህሩ ይበልጣል።

ከዚህ ሸሽተው ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄዱ ወላጆችም አሉ። የተገረፉበትን እያስታወሱ ልጃቸውን «አይሆንም» ማለት የሚፈሩ፣ ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ባለቀሰ ቁጥር የጠየቀውን የሚሰጡ ናቸው። ዱላን ማስቀረት ወሰንን ማስቀረት አይደለም፤ የምንችለውን ያህል በእርጋታ የተነገረና በማግሥቱም ያልተቀየረ «አይሆንም» ለልጅ እንደ ግድግዳ የሚደገፍበት ነገር ነው።

አስተዳደግን ከክፍያ ጋር ለትምህርት ቤት ማስረከብ

በግል ትምህርት ቤቶች በየዕለቱ ከልጁ ቦርሳ ጋር የሚመላለስ ኮሙኒኬሽን ቡክ አለ። መምህሩ የልጁን የቤት ሥራ፣ ጠባዩን፣ የጎደለውን ይጽፍበታል፤ ወላጅ ደግሞ አንብቦ ይፈርማል። እኔ በማስተምርበት ክፍል «ልጅዎ ሦስት ቀን ምሳውን ሳይበላ ተመልሷል፤ እባክዎን ያነጋግሩኝ» ብዬ በጻፍኩበት ገጽ ሥር ሦስት ተመሳሳይ ፊርማ አግኝቼ አውቃለሁ። በአራተኛው ቀን ስደውል እናቲቱ ደነገጠች፤ ስትፈርም የኖረችው የቤት ሠራተኛዋ ገልጣ የምታቀርብላትን ገጽ ነበር። እናቲቱ ሰነፍ አልነበረችም። ማልዳ ከመገናኛ ታክሲ የምትሰለፍ፣ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ የምትገባ ሠራተኛ ነበረች። ስህተቷ የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለችበትን ነገር በትክክል አለማወቋ ነው። ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተምራል፤ አርባና ሃምሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ግን አንድ ልጅ ለምን ምሳውን እንደማይበላ የመጠየቅ ጊዜ ያለው መምህር ብርቅ ነው።

መፍትሔው ረጅም ሰዓት አይጠይቅም። ማታ አሥር ደቂቃ ደብተሩን ከልጁ ጋር አብሮ መግለጥ፣ «ስንት አገኘህ?» ከማለት በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥክ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ሰዓት አስጠኚ የተሻለ ሆኖ አይቼዋለሁ። አስጠኚ መቅጠር ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ሰርቪስ ወርዶ ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ አልጋ የሚተላለፍ ከሆነ በቀኑ ውስጥ ወላጁን ያገኘበት ሰዓት የለም ማለት ነው።

ልጅን ከገዛ ቋንቋው ማራቅ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ፣ የከተማው ወላጅ በአንጻሩ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣ። እንግሊዝኛ ማወቅ እንጀራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋም እርሱ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ «በቤትም በእንግሊዝኛ አናግሯቸው» ሲልና ወላጁ በእሺታ ሲቀበል ነው። የብዙዎቻችን የቤት እንግሊዝኛ «ካም ሂር»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ዶንት ታች» ከማለት ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ልጁ ከወላጁ የሚሰማው ትእዛዝ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ተረት የለም፤ «ለምን?» ሲል የሚሰጠው ረዘም ያለ መልስ የለም፤ ወላጁ በሚገባ የሚያውቀው ቋንቋ ለጎልማሶች ወሬ ይቀመጣል፣ ለልጁ የሚደርሰው የተሰባበረው ነው።

አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አያቲቱ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከመንዝ መጥተው ሶፋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት ገባ። «ዛሬ ምን ተማርክ የኔ ጌታ?» አሉት። በእንግሊዝኛ መለሰላቸው። ወደ እናቱ ተመለከቱ፤ እናቱ በኩራት ፈገግ አለች። አያቲቱ የልጁን ግንባር ስመው ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ፤ እስከ ማታ ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁትም። ከእርሳቸው ሊያገኝ ይችል የነበረው ሁሉ፣ የአያቱ ታሪክ፣ የአገሩ ስም፣ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሣት፣ «አንተ»ና «እርስዎ» የሚለዩበት ቦታ፣ በዚያች ከሰዓት በር ላይ ቀረ። ያ ልጅ ነገ ሽማግሌን «አንተ» ሲል ባለጌ ይባላል። ባለጌ አይደለም፤ የሚያስተምረውን ሰው ያቋረጥንበት እኛ ነን።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ዋጋ ከፍለው ነው ያወቁት። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ወላጆች ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወሰዱ ፊደል ያስቆጥራሉ። ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቹ ዕብራይስጥን ቀድመው ስለለመዱ በሐኪም ቤትና በመሥሪያ ቤት ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው የተግሣጽ አነጋገር የየዕለት ኑሮ ሆነ፤ የወላጅ ቃል በቤቱ ውስጥ የነበረው ክብደትም ቀለለ። እነርሱ ስደት ያመጣባቸውን እኛ በገዛ ቤታችን፣ በክፍያ እያመጣነው ነው።

ስልክን ሞግዚት ማድረግ

ይህ ብዙ ስለተባለበት አላስረዝመውም። ልጁ እንዲበላ ስልክ፣ እንዲተኛ ስልክ፣ እንግዳ ሲመጣ ዝም እንዲል ስልክ እንሰጠዋለን። ቀድሞ እንግዳ ሲመጣ ልጅ ውኃ ያስታጥብ ነበር፤ ማስታጠቡ ሰው ፊት መቆምን፣ ትልቅን ማስቀደምን፣ መመረቅን ያስተምረው ነበር። ስልኩን መቀማት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ማስታጠቢያውን መልሶ ማስያዝ ይገባል።

ስልክ ብቸኛው መገናኛ የሆነላቸውን እናቶች ግን ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ልጃቸውን ለአያት ትተው ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እናቶች የሚልኩት ገንዘብ የልጁ ደብተርና ጫማ ነው፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። የምመክራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በደወሉ ቁጥር ከአያቲቱ ጋር ስለ ወጪ ተነጋግረው ከመዝጋት፣ ልጁን ለብቻው አግኝተው ባለፈው የነገራቸውን አስታውሰው ይጠይቁት። «ያ ጓደኛህ ታረቃችሁ?» የሚል ጥያቄ ከጅዳ ሲመጣ ልጁ እናት እንዳለችው ያውቃል።

ልጅን በአንድ መንገድ ብቻ መመዘን

በደርግ ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ አሥመራና ዓለማያ ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ የተመረቀ ሰው በመንግሥት ምደባ ሥራ ይይዝ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው፤ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በየሰፈሩ አለ። የዲግሪው ክብደት ተለወጠ፤ የእኛ ሚዛን ግን በአባቶቻችን ዘመን ቆሟል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ያን ጊዜ በብዙ መቶ ሺህ ቤቶች ልጆች «አለቀልህ» ተባሉ። ውጤቱ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ ብዙ ይናገራል፤ ስለ አንድ ልጅ ዕድሜ ልክ ግን ምንም የሚወስን አልነበረም።

የእጅ ሙያን የመናቅ በሽታችን አሮጌ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም አልዳነም። አንድ ተማሪዬ ፈተናውን ሳያልፍ ቀርቶ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ። እናቱ እንግዳ ሲጠይቃት «ኮሌጅ ነው» እያለች ታልፍ ነበር። ልጁ ያን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓዳ ሲገባ አይቻለሁ። ያን ዓመት ሙሉ የቤታቸውን ማከፋፈያ ሳጥን ጠግኖ የነበረው እርሱ ነው።

«ልጄን ማን ተቆጪ አለሽ?» ማለት

የመጨረሻው ስህተት ገና ያልሄዱትን አሳዳጊዎች በገዛ እጃችን ማባረር ነው። ጎረቤት የልጃችንን ጥፋት ሲነግረን ስማችን የተነሣ ይመስለንና እንቆጣለን፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ልጁ ደረጃ ላይ ሲሳደብ እየሰማች በሯን ትዘጋለች።

እኛ በምንኖርበት ብሎክ ስድስት እናቶች ቡና ላይ ተነጋግረን ሦስት ነገር ተስማማን። ጥፋት ያየች በአፏ ትቆጣለች፣ እጇን አታነሣም፤ የዚያኑ ዕለት ለወላጅ ትናገራለች፤ ወላጅም ልጁ ፊት አትጣላትም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ የእኔን ትንሹን ልጅ በእጁ ይዛ መጣች። ድንጋይ ሲወረውር የቆመ መኪና መስታወት ሰብሯል። ልጁ ያለቅሳል፤ እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር። «ቆይ አንቺ፣ መጀመሪያ ባለ መኪናውን እናግኝ» አለችኝ። ሦስታችን ወረድን። ልጁ ጉልበት ስሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ እጁን አልለቀቀችም፤ ባለ መኪናው ሽማግሌ ዝም ብለው የተሰበረውን ሲያዩ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊታቸው ቆመችና «በእኔ ይሁንብዎ ጋሼ፣ ዛሬን ይተዉልኝ» አለቻቸው።