እግረኛን ሰው በእግር ማሰብ

ጋሼ እሑድ ከደሴው ሰፈራችን ከሆጤ ተነሥተው የጦሳን ተራራ ካልወጡ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም ነበር። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ የቅሬያችን (የእድራችን) ሰዎች ድንኳን ይተከል፣ ንግግር ይደረግ አሉ። እኔ እንቢ አልሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ለቅሶ ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ሰው ንግግር ሲጀመር ሹልክ ይሉ ነበር። በእግር አሰብናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሞተባችሁ ካላችሁ የሠራነውን ልንገራችሁ።

መንገድ አትምረጡ፤ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም እሳቸው በሚሄዱበት ሂዱ። የእኛ ጋሼ የሚያርፉባት ድንጋይ አለች፤ ደሴ ከሥር፣ አዝዋ ገደል ከማዶ ይታይባታል። በንግግሩ ፋንታ እዚያ ቁጭ ብለን እያንዳንዳችን ስለ እሳቸው አንድ ነገር አወራን። አንዲት እናት፣ ልጇ የሞተ ሌሊት ውሃ በጀሪካን ተሸክመው እንደደረሱላት ነገረችን። ቤተሰባቸው እንኳ አልሰማም ነበር።

ሐምሌ ከሆነ ጧት 12 ሰዓት ተነሡ፤ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ጉሙ ግን ጧትም አይለቅም፤ ከፊት መንገድ የሚያውቅ፣ ከኋላ ሰው ጥሎ የማይመጣ መድቡ።

ለመታሰቢያቸው ችግኝም ተክለናል፤ እዚህ ላይ እኛም ተሳስተናል፤ ከነላስቲኩ የተከልነው ደርቆ ቀረ። ቀበሌውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ግጦሽ ላይ ተክላችሁ ከባለከብት እንዳትጣሉ። ጉድጓዱን ሰኔ ላይ ቆፍሩ፤ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ሥሩ ዘንድ መልሱት። ላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጅ ይዛችሁ አስገቡ፤ አንገቱን አትቅበሩ፤ ዙሪያውን ረገጥ ረገጥ አድርጉ። ባሕር ዛፍ ጦሳ ላይ ሞልቷል፤ ኮሶ፣ ጥድ፣ ወይራ ይሁን። ላስቲኩንም ይዛችሁ ውረዱ፤ ጋሼ ሰው የጣለውን ፌስታል በማዳበሪያ እየለቀሙ ነበር የሚወርዱት።

ቁርሱ ዳቦና ቆሎ፣ ቡናው እስከ በረካ። ዱዓውና አቡነ ዘበሰማያቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ ለወሎ ሰው አላስተምርም።

ከዚያ በጋውን ውሃ ማጠጣቱን በየወሩ ተከፋፈሉት፤ ችግኝ የሚሞተው ያኔ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የካቲት ነው፤ በሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን።