የሰፈር ግድግዳ ላይ ከወጣቶች ጋር ስንሥል የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ አንድ አጥር ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሥዕል ሠርተን ነበር። ክረምቱ አልፎ ስንመለስ ቀለሙ እየተላጠ መሬት ላይ ረግፏል። የልጆቹ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰፈር ላይ እንዳይደገም ብዬ ነው።

ንድፉን ጨርሶ ልጆቹን መጥራት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሠዓሊው ቤቱ ነድፎ ይመጣና "አንተ ይሄን ሰማያዊ ቀባ፣ አንቺ ያንን" ይላል። ልጆቹ እንዲህ ጉልበት ብቻ ካዋጡ ሥዕሉ የእነሱ አይሆንም። ነገ አንዱ መጥቶ ማስታወቂያ ሲለጥፍበት ዝም ብለው ያልፋሉ። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ስጧቸው። "አገሩን ለማያውቅ እንግዳ ሰፈራችሁን በምን ታሳዩታላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ የጦሳን ተራራ ጠብቀን ነበር። አንዷ ግን አያቷ ጠዋት ጠዋት የሚጠርጉትን የድንጋይ ደረጃ ሣለች። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያየው የነበረው እሱን ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ ሁሉም ግድግዳ ላይ አለ። ላሊበላ ከሆነ ይገባኛል። የኮምቦልቻ ልጅ ግን ከፋብሪካ ፈረቃ የምትመለስ እናቱን መሣል ይፈልግ ይሆናል። ጠይቁት።

ወረቀት ይዞ ሰውን መርሳት

የቀበሌ ፈቃድና የአጥሩ ባለቤት ፊርማ የግድ ነው። ወሎ ላይ ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ንድፉን ይዛችሁ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ሂዱ። በአቦል አይተው ዝም ይላሉ፣ በቶና ይጠይቃሉ፣ በረካ ሲደርስ የልባቸውን ይነግሯችኋል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ባለበት ሰፈር ይሄ ንግግር ከሥዕሉ አይተናነስም። የሰው መልክ ግድግዳ ላይ መሣሉን የማይወዱ አባቶች ይኖራሉ። አትከራከሯቸው። ጀበና፣ መሶብ፣ ተራራ፣ የጥበብ ጥለት አለ። በእነዚህ ብቻ የሚያምር ግድግዳ ይወጣል።

እርጥብ ግድግዳ ላይ መቀባት

የእኛ ሥዕል የተላጠው በዚህ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ጭጋጋም ከተማ ናት። ግድግዳ ደግሞ ውኃ የሚጠጣው ከዝናብ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ከመሬትም ነው። ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ካያችሁ እርጥበት አለ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ቆዩ። አዲስ ልስን ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ። ከዚያ የላላውን ፍቁ፣ እጠቡ፣ ሲደርቅ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባውን) ቀቡ። የዘይት ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ያብጣል። ለውጭ የሚሆን ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል።

በልግን መዘንጋት

ክረምትን ሁሉም ያስታውሳል። ወሎ ግን በልግም አለው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ቀለም ይዞ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደህና ነው። ጠዋት ግን አትቸኩሉ። ብርዱና ጤዛው ስላለ ፀሐይ ግድግዳውን እስክታሞቀው ጠብቁ። 3 ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው።

ቀለም በግምት መግዛት

ለስላሳ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ቀለም፣ ለአንድ እጅ፣ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። 3 ሜትር ከፍታና 12 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር 36 ካሬ ነው። መደቡን ሁለት እጅ ለመቀባት ከ7 ሊትር በላይ ትፈልጋላችሁ። ሻካራ ከሆነ ጨምሩ። በእጅ የደባለቃችሁት ቀለም መሃል ላይ ካለቀ ያንኑ መልክ ደግሞ ማግኘት ከባድ ስለሆነ አንዴ አብዝታችሁ ደባልቁ።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጥራት

40 ልጅ መጥቶ ብሩሹ 6 ከሆነ አብዛኛው ቆሞ ይውላል፣ በማግስቱም አይመጣም። በፈረቃ ጥሩ፣ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ። ንድፉንም ግድግዳውንም በሲባጎና በጠመኔ እኩል ካሬዎች ክፈሉ። ያኔ ሥዕል ችዬ አላውቅም የሚል ልጅ እንኳ የራሱን ካሬ ይዞ ይሠራል። መወጣጫው ላይ አዋቂ ብቻ ይውጣ። ታዳጊዎቹ ከታች ይሥሩ።

የተረፈውን ቀለም አትጣሉ። ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ የቱ ቦታ እንደተቀባ ጽፋችሁበት፣ ከልጆቹ አንዱ ቤት አስቀምጡ። መስከረም ላይ የተላጠች ነገር ካለች እነሱው ይጠግኗታል።