የፈረንሳይ ካናዳውያንን ዘር ሲቆጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካናዳዋ የኬቤክ ግዛት የሚገኙትን የቁምስና (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) መዝገቦች ለዓመታት ሳገላብጥ፣ ጀማሪዎች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲሰናከሉ አይቻለሁ። በአባትና በአያት ስም የምንጠራ እኛ፣ የቤተሰብ ስም ያለውን ሕዝብ ዘር መቁጠር ቀላል ይመስለናል። ከአሜሪካ የሚመጡትም ስሙ ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ብለው ያምናሉ። ሁለቱም ግምት ያሳስታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ዲት» የምትለዋን ቃል አይቶ ማለፍ ነው። ትርጉሟ «የሚባለው» ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ስም ቀጥሎ ሁለተኛ መጠሪያ ታስከትላለች። በ1665 ከፈረንሳይ የመጣው የካሪኛን ሳሊዬር ክፍለ ጦር ወታደሮች ብዙዎቹ የጦር ስም ነበራቸው፤ ከእነርሱም 400 ያህሉ በዚያው ሰፍረው ሲቀሩ ስሙም አብሯቸው ቀረ። ሌላው ስሙን ያገኘው ከመጣበት አገር ወይም ከያዘው መሬት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከልጆች ላይ ነው፤ አንዱ የአባቱን ነባር ስም፣ ሌላው ሁለተኛውን መጠሪያ ይይዛል፣ ያው ሰው ራሱም በአንዱ ተጠምቆ፣ በሌላው አግብቶ፣ በመጀመሪያው ሊቀበር ይችላል። የፒየር ዩዶን ዲት ቦልዮ ተወላጆች ዛሬ ከፊሎቹ ዩዶን፣ ከፊሎቹ ቦልዮ ይባላሉ። ይህን እየነገርኳቸው እንኳ በአንድ ስም ብቻ ፈልገው «ቅድመ አያቴ ጠፋ» ብለው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሰውዬው አልጠፋም፣ በሌላው ስሙ ተጽፎ አንድ ገጽ አልፎ ተቀምጧል። ስለዚህ የቤተሰቡን ስም ለጊዜው ትተው ባልና ሚስቱን በጥንድ ይፈልጉ፤ የእርሱ የክርስትና ስም፣ የእርሷ ሙሉ ስምና ቁምስናው አንድ ላይ ሲገጥሙ ስህተት ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ይህ የሚቻለው ሴቶቹ በመዝገብ ላይ የአባታቸውን ቤት ስም ስለሚይዙ ነው። ለሐበሻ አንባቢ ይህ አዲስ አይደለም፤ ሴትን በባሏ ስም መፈለግ ግን የሌሎች ጀማሪዎች የዘወትር ስህተት ነው። ኬቤክ ውስጥ ከ1981 ጀምሮ ሕጉ ራሱ ባለትዳሮች የየራሳቸውን ስም እንዲይዙ ያዝዛል።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሴት ልጅ ስትጠመቅ ማሪ፣ ወንድ ልጅ ሲጠመቅ ጆዜፍ የሚለው ስም ከፊት ይጨመር ነበር፤ ሰው የሚጠራበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ስም ነው። እኔ አንዱን ጆዜፍ ክረምቱን ሙሉ ስፈልግ ከርሜ፣ በኋላ ሰው ሁሉ በሦስተኛ ስሙ ይጠራው እንደነበር ደረስኩበት።

ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም ማውጣት የተለመደ ስለነበር፣ የቀብር መዝገቡን ሳያዩ የጥምቀቱን ቀን አይቀበሉ።

የጋብቻ መዝገብ የሁለቱንም ወላጆች፣ እናቶቹን በገዛ ስማቸው ስለሚጠራ የሐረጉ ማያያዣ እርሱ ነው። ባል የሞተባት ወይም ሚስት የሞተችበት ዳግም ሲያገባ ግን ቄሱ ብዙ ጊዜ በወላጆቹ ፈንታ የሟቹን ስም ብቻ ይጽፋሉ። እዚህ ደርሰው ተስፋ አይቁረጡ፤ ወደ መጀመሪያው ጋብቻ ይመለሱ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ ስለነበር፣ አንዱ የደበዘዘ ወይም የተቃጠለ እንደሆነ ሌላውን ማየት ይገባል።

ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጉ የፈረንሳይ ካናዳውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዋል፤ ብዙዎቹም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለው የኒው ኢንግላንድ የጨርቅ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ሆኑ። በዚያም ስማቸው ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፤ ለብላን ዋይት፣ ርዋ ኪንግ፣ ብዋቬር ግሪንዉድ ሆነ። ስለዚህ አያትዎ ግሪንዉድ ከሆኑ ፍለጋውን ከአሜሪካው የጋብቻ ወይም የሞት ወረቀት ይጀምሩ፤ የወላጆቻቸውን ስም ከዚያ ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በኬቤክ መዝገብ ብዋቬርን ከነዲት ስሙ ይፈልጉ።